ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የበረት አምፖል

ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ሰንዳፋ ዳር ዳር የወተት ላም የሚያረባ ሰው የበረቱን አምፖል አያጠፋም። አይፈረድበትም፤ ጅብ አለ፣ ሌባ አለ። ግን ያ አምፖል ሜላቶኒን የሚባለውን የላሟን የሌሊት ሆርሞን ይነካል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶችን እናንሳ።

አንደኛው፣ ሜላቶኒንን የእንቅልፍ መድኃኒት ብቻ አድርጎ ማየት ነው። አይጥ ሌሊቱን ስትሯሯጥ ታድራለች፤ እሷም ሜላቶኒን የምታመነጨው ሌሊት ነው። ስለዚህ ሆርሞኑ «ተኛ» አይልም። «መሽቷል፣ ሌሊቱም ይህን ያህል ረዝሟል» ነው የሚለው። አንጎል ውስጥ ካለች ትንሽ እጢ ይወጣል፤ ብርሃን ዓይን ላይ ሲያርፍ ይቀንሳል። ሴሎች ላይ ካሉት ተቀባዮቹ ጋር ሲገናኝ አንዳንድ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ፣ ሌሎቹ ይቀዘቅዛሉ። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አሮን ለርነር ሆርሞኑን ለይቶ ያወጣው ከከብት እጢ ነው።

ሁለተኛው፣ «ብርሃን ወተት ይጨምራል» ሲባል ሰምቶ እስኪነጋ ማብራት። መጨመሩስ ይጨምራል። የተሞከረው ግን 16 ሰዓት ብርሃንና 8 ሰዓት ጨለማ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ 12 ሰዓት ያህል ስለምትቆይ፣ እስከ ማታ 4 ሰዓት አብርቶ ማጥፋት ይበቃል። ከዚያ በላይ የቆጣሪ ካርድ መብላት ነው። መኖውም አብሮ ካልጨመረ ከአምፖል ወተት አይታለብም።

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ሦስተኛው ነው፦ የነጠፈችውን ላም ከምትታለበው ጋር አንድ አምፖል ሥር ማሳደር። ለመውለድ ሁለት ወር ያህል የቀራት ላም የምትፈልገው ረጅም ሌሊት ነው። ሌሊቱ ሲረዝም ሜላቶኒኑ ለብዙ ሰዓት ይቆያል፣ በደሟ ውስጥ ያለው ፕሮላክቲን የሚባለው የወተት ሆርሞን ደግሞ ይወርዳል። የወተት ሆርሞን ወረደ ሲባል ኪሳራ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ፕሮላክቲን ሲያንስ ግቷ ውስጥ የፕሮላክቲንን ተቀባይ የሚያሠራው ጂን ይበረታል። ድምፅ ሲያንስ ሰው ጆሮውን እንደሚያቀናው ማለት ነው። ስትወልድ ፕሮላክቲኑ በብዛት ሲመጣ፣ ግቷ ከበፊቱ ይበልጥ ይቀበለዋል። በሆልስታይን ላሞች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ በነጠፉበት ጊዜ 8 ሰዓት ብርሃንና 16 ሰዓት ጨለማ ያገኙት ከወለዱ በኋላ በቀን 3 ሊትር ገደማ ብልጫ አሳይተዋል።

ይህን ሰምተው በረቱን በላስቲክና በማዳበሪያ የሚደፍኑ አሉ። አያድርጉት! የሽንቱ ሽታ ይታፈናል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ የላሟን ሳንባ ይጎዳል። ያለንን የ12 ሰዓት ሌሊት አለማበላሸት ይሻላል። ለጅቡና ለሌባው አምፖሉን ከበረቱ አውጥተው በሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው ይስቀሉት። ሌሊት ላሟን ማየት ካስፈለገ ደብዛዛ ቀይ መብራት ይበቃል።

የመጨረሻው ኪኒን ነው። ከፋርማሲ ሜላቶኒን ገዝቶ ለላም ስለመስጠት የሚጠይቁ አይጠፉም። የምትታለብ ላም ሜላቶኒን ሲሰጣት ወተቷ የቀነሰበት ሙከራ አለ። ውጭ አገር ለበጎች ከቆዳ ሥር የሚቀበረውም ቢሆን የቀኑ ርዝመት በክረምትና በበጋ በእጅጉ ለሚለያይበት አገር የታሰበ ነው። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ነው። ለበጎቹ ያንን ገንዘብ መኖ ቢገዙበት ያዋጣል።