ጥግ ላይ ያሉ ኮከቦች ሲለጠጡ፦ 55 ሚሜውን በቀለበት መሙላት

በቴሌስኮፕ በተነሳ ፎቶ መሃል ያሉት ኮከቦች ድቡልቡል ነጥብ ሆነው ጥግ ጥግ ላይ ያሉት ከተለጠጡ ፎከሰሩን (ምስሉን ለማጥራት የሚዞረውን ክፍል) ማሽከርከር አያድንም። ፎከሰሩ ፍላትነሩን (የጥግ ኮከቦችን የሚያስተካክለውን ሌንስ) እና ካሜራውን አንድ ላይ ይዞ ስለሚሄድ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አይነካም። ባክ ፎከስ የሚባለው ይኸው ርቀት ነው፤ ከፍላትነሩ የኋላ ትከሻ እስከ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ የካሜራ ክፍል) ይለካል፤ የጎደለው በመካከል በሚገቡ ቀለበቶች ይሞላል። ለብዙ ፍላትነሮች 55 ሚሜ ነው፤ የሴለስትሮን ኤፍ 6.3 ሪዲውሰር (ምስሉን የሚያሳንስ ሌንስ) ግን 105 ይፈልጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መመሪያውን ያንብቡ።

የካኖን ኢኤፍ ካሜራ ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ በውስጡ 44 ሚሜ አለው፤ ከቴሌስኮፑ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት፣ የቲ-ሪንጉ፣ 11 ሲታከልበት 55 ሞላ፣ ሌላ ቀለበት አያሻም። የኒኮን ኤፍ 46.5 እና 8.5 ነው። ማቀዝቀዣ ያላቸው ብዙዎቹ የዜድደብሊውኦ ካሜራዎች 17.5 ሚሜ ስለሆኑ 37.5 ይጎድላል፤ የ21 እና የ16.5 ቀለበቶች ልክ ይሞሉታል። 20 ሚሜ የሚወፍር የፊልተር ጎማ (ፊልተሮችን የሚቀያይር ዕቃ) ከገባ የ21ዱን አውጥተው በ16.5ቱ ላይ 1 ሚሜ ይጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የፊልተሩን መስታወት ነው። መስታወት ብርሃኑ የሚያርፍበትን ቦታ የውፍረቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፊልተሩ 2 ሚሜ ከሆነ ዒላማዎ 55 ሳይሆን 55.7 ገደማ ነው።

ቀለበት በካሊፐር ሲለኩ ወንዴው ጥርስ (ወጣ ያለው የብሎን ጥርስ) አይቆጠርም፤ ሌላው ውስጥ ገብቶ ይጠፋልና። ኤም 42 (የ42 ሚሜ ስፋት ጥርስ) የሚል ሁሉም አንድ አይደለም፦ የቲ-ሪንግ እርምጃው፣ ማለትም ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት፣ 0.75 ሚሜ ሲሆን የድሮ የፎቶ ሌንሶች 1 ሚሜ ነው። ጥቂት ዞሮ ከቆመ አያስገድዱት፣ ጥርሱን ይበላዋል።

ቀጥሎ ሙከራ። ኮከብ የበዛበትን የሰማይ ክፍል፣ በተቻለ መጠን ከአናት አካባቢ፣ ፎከሱን አስተካክለው ለ30 ሰከንድ ያንሱ፤ አራቱንም ጥግ አጉልተው ይመልከቱ። በተለመዱት የሪፍራክተር (በሌንስ የሚሠራ ቴሌስኮፕ) ፍላትነሮች፣ ኮከቦቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ከመሃል ወደ ውጭ ከተዘረጉ ሴንሰሩ ቀርቧል፤ ቀለበት ይጨምሩ። መሃሉን የሚዞሩ መስለው ከተጠመዘዙ ርቋል፤ ይቀንሱ። አንዳንድ ንድፍ ተቃራኒውን ስለሚያሳይ መጀመሪያ 1 ሚሜ ጨምረው ይዩ፤ ከባሰ አቅጣጫው ሌላው ነው። ከዚያ በ0.5፣ መጨረሻ ላይ በ0.2 ስስ ቀለበት ይቅረቡ። ቀለበት በለወጡ ቁጥር ፎከሱ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ የሚያዩት ብዥታውን ነው።

ሁሉም ኮከብ፣ የመሃሉም ጭምር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተለጠጠ ጥፋቱ የመከታተያው (ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረው መቆሚያ) ነው። አንድ ጥግ ብቻ ከተበላሸ ካሜራው ዘሟል፤ ቀለበት ቢቆልሉበት አይቃናም። እንዲያውም ቀጫጭን ቀለበት በበዛ ቁጥር መዝመሙ ይብሳል፤ በሦስት ምትክ አንድ ወፍራም ይሻላል።

በብርድ ሌሊት ተጣብቆ እምቢ ያለ ቀለበት በጣት አይጨበጥም፤ ጫናው ሞላላ ያደርገውና ይብሱን ይቆልፈዋል። ሰፊ ላስቲክ ጠቅልለው ዙሪያውን በእኩል ይዘው ያዙሩት።