ሮስኪልድን በአንድ ቀን፦ ከነገሥታቱ መቃብር እስከ ቫይኪንጎቹ መርከቦች

የምኖረው ስዊድን፣ ማልሞ ከተማ ነው፤ ሥራዬ አናጺነት። ዘመድ በመጣ ቁጥር “የቫይኪንጎቹን ነገር አሳየን” ይለኛል። ኮፐንሃገን ላይ ባለ ቀንድ የፕላስቲክ ቆብ ገዝተው እንዲመለሱ አልፈልግም። ቫይኪንጎች፣ ማለትም የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ የነበሩት የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች፣ ቀንድ ያለው የራስ ቁር ለመልበሳቸው ማስረጃ የለም። ስለዚህ ሁሉንም የምወስዳቸው ሮስኪልድ ወደምትባለው የዴንማርክ ከተማ ነው። ለምትመጡ ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው፦ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። በሁለት ሰዓት ሮጥ ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ግን ዋናው ነገር ያመልጣችኋል።

ከኮፐንሃገን ዋና ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። መስመሩ በ1847 የተከፈተ የዴንማርክ የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ከስዊድን የምትመጡ ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ያዙ። ስትመለሱ ማልሞ ያለው ሂሊ ጣቢያ ላይ ፖሊስ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ገንዘቡ የዴንማርክ ክሮነር ነው፤ ካርድ ካላችሁ ግን መመንዘር አያስፈልግም።

መጀመሪያ ካቴድራሉ፣ ከዚያ ወደብ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ካቴድራሉ ያለው ከፍታው ላይ ነው፣ ወደቡ ቁልቁል ነው። እግራችሁ ትኩስ እያለ ላዩን ጨርሳችሁ መውረድ ይሻላል። እሁድ ጠዋት ጸሎት ስላለ ለጎብኚ የሚከፈተው ከሰዓት ነው። ሠርግ ወይም ቀብር ካለም ሊዘጋ ስለሚችል በዋዜማው ድረ ገጻቸውን እዩ።

እዚህ ቦታ ላይ መጀመሪያ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን የሠራው በ10ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ሃራልድ ብሉቱዝ ነው ይባላል። አዎ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ብሉቱዝ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። እዚሁ ተቀበረ ይባላል እንጂ መቃብሩ አልተገኘም። አሁን ያለው ሕንፃ ግንባታው የተጀመረው በ12ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በሸክላ ጡብ። በ1995 የዩኔስኮ ቅርስ ሆኗል። ወደ 40 የሚጠጉ ነገሥታትና ንግሥታት ያረፉት እዚህ ነው። ሁሉንም ለማየት አትድከሙ። ከታቦቱ ስፍራ ኋላ ያለችውን የቀዳማዊት ማርግሬቴን መቃብር ግን እዩ። ዴንማርክን፣ ኖርዌይንና ስዊድንን በአንድ ዘውድ ሥር ያደረገች ሴት ናት፤ በ1412 ነው ያረፈችው። ነገሥታቱ ቁመታቸውን ያስመዘገቡበትን ምሰሶም ፈልጉ። ቀዳማዊ ክርስቲያን ከ2 ሜትር ከ19 ሴንቲ ሜትር በላይ ተብሎ ተቀርጿል። አፅሙ ሲለካ ግን 1 ሜትር ከ88 ነው የወጣው።

የእኛ ሰው ቆሞ የሚቀረው ሰዓቱ ጋ ነው። በምዕራቡ ጫፍ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ወደ 500 ዓመት የሚሆነው ሰዓት አለ። ሰዓቱ ሲሞላ በፈረስ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ይንቀሳቀሳል፤ ዘንዶው ይጮኻል። ጎኑ ያሉት ወንድና ሴት ምስሎች ደወል ይመታሉ። ከደሴ የመጡት አክስቴ ጩኸቱን ሲሰሙ ደንገጥ ብለው አማተቡ። ከዚያ “ጊዮርጊስዬ፣ አንተም እዚህ አለህ?” አሉ። ሌላ ሰዓት እስኪሞላ ካልጠበቅን ብለው አስቀመጡኝ፤ ጠበቅን። ስለዚህ ሰዓቱ ከመሙላቱ አምስት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ቦታ ያዙ።

ከካቴድራሉ በመናፈሻው በኩል ቁልቁል ስትወርዱ ፊዮርዱ፣ ማለትም ወደ የብስ የገባው ባሕር፣ ፊት ለፊት ይታያችኋል። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው 20 ደቂቃ ይበቃል። ታች ያለው የቫይኪንግ መርከብ ሙዚየም ነው። የቀራችሁን ሰዓት በሙሉ ለእሱ አውሉት። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነጻ ይገባሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1070 አካባቢ የሮስኪልድ ሰዎች ከባሕር የሚመጣ ጠላት ፈሩ። ያረጁ መርከቦችን ድንጋይ ሞልተው ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ስኩልደለቭ መንደር አጠገብ፣ የፊዮርዱ ጠባብ መተላለፊያ ላይ አሰጠሟቸው። በ1962 ቁፋሮው ሲደረግ ዙሪያውን በብረት ግድግዳ አጥረው ውኃውን አወጡት። በሺህ የሚቆጠር የእንጨት ስባሪ ተለቀመ። መጀመሪያ መርከቦቹ ስድስት መስለዋቸው ነበር። በኋላ ቁጥር 2 እና ቁጥር 4 ያሏቸው የአንድ ረጅም መርከብ ክፍሎች ሆነው ተገኙ። ቁጥር 4ን ፈልጋችሁ የምታጡት ለዚህ ነው።

ያ ረጅም የጦር መርከብ 30 ሜትር ያህል ነው፤ 60 መቅዘፊያ ነበረው። የእንጨቱ ዓመታዊ ቀለበት ሲመረመር ዛፉ የተቆረጠው በ1042፣ ደብሊን አካባቢ መሆኑ ታወቀ። ቫይኪንጎች አየርላንድ ላይ የሠሩት መርከብ ማለት ነው። የተረፈው አካሉ ሩብ ያህል ብቻ ነው። የጎደለውን በአዲስ እንጨት አልሞሉትም። የቀድሞ ቅርጹን በብረት ዘንግ ብቻ አሳይተዋል። እንደ ባለሙያ ይህ ደስ ይለኛል፤ የጥንቱንና የዛሬውን አይቀላቅልም።

መርከቦቹ የቆሙበት አዳራሽ በ1969 የተከፈተ ነው። አርጅቷል፤ በአዲስ ሊተኩት አቅደዋል። ስለዚህ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት አዳራሹ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

አዳራሹን አይተው የሚወጡ ብዙ ናቸው። እባካችሁ አትውጡ! ውጭ ያለው የመርከብ መሥሪያ ነው እኔን የሚያስቀረኝ። እዚያ የቫይኪንግ መርከቦችን በጥንቱ መንገድ ይሠራሉ። ሳንቃው በመጋዝ አይወጣም። ኦክ የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ ግንድ በሽብልቅ ይሰነጥቁታል፣ ከዚያ በመጥረቢያ ይጠርቡታል። እንጨቱ የተፈጥሮ ጭረቱን ተከትሎ ስለሚሰነጠቅ ሳንቃው ቀጭን ሆኖም ጠንካራ ነው። ሳንቃዎቹ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጫፍና ጫፋቸው ይደራረባል፤ በብረት ምስማር ይያያዛሉ። መሐላቸው በሬንጅ የተነከረ ሱፍ ይገባል። መርከቡ ማዕበል ሲመታው ትንሽ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም። የ30 ሜትሩ መርከብ አምሳያ እዚሁ ተሠርቶ በ2007 ደብሊን ድረስ በባሕር ሄዷል፤ በዓመቱ በባሕር ተመልሷል። ባለሙያዎቹን ጠይቋቸው። በእንግሊዝኛ ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ።

በበጋቸው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከመጣችሁ፣ ፊዮርዱ ላይ በጥንቱ ዓይነት ጀልባ መውጣት ትችላላችሁ። ትኬቱ ለብቻው ነው። መንገደኛው ራሱ ይቀዝፋል። ጠዋት ሙዚየሙ በእኛ 4 ሰዓት ላይ ሲከፈት ስለ ቦታ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ፀሐይ ያለበት ቀን ቶሎ ይሞላል። ፀሐይ ቢኖርም ነፋሱ ኃይለኛ ነውና ጃኬት አትርሱ።

ምግብ ውድ ነው። ጾም ከሆነ ደግሞ ምርጫው ይጠባል። ስንቅ ቋጥራችሁ ውኃው ዳር ብትበሉ ማንም አይናገራችሁም። እኛ በሶና ዳቦ ይዘን ነው የምንሄደው።

ሲመሽ ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ አቀበት ነው። ወጣት ከሆናችሁ በእግራችሁ ውጡት። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ከያዛችሁ ግን ከወደቡ በአውቶቡስ ሂዱ።