ጥንታዊ የጦር መጥረቢያ ሲያጸዱ፣ ሲያጠኑና ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ አሮጌ ብረት የሚሰበስቡ፣ አልፎም የጥንቱን መሣሪያ አስመስለው ለመሥራት የሚሞክሩ ወጣቶችን ሳይ ከልብ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ወደ እኔ የሚመጡት ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ በመሆኑ፣ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች በጽሑፍ ማስፈር ግድ ሆኖብኛል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አሮጌውን መጥረቢያ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በግራይንደር መፋቅ ነው። አንድ ወጣት ከወረኢሉ የአያቱን መጥረቢያ አምጥቶ «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ይሆነዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ተልጎ ነጥቷል፤ የመዶሻ ምልክት የለበትም፤ ስለቱም አዲስ ተስሎ ቅርጹን ለውጧል። ምን ብዬ ልመልስለት? መጥረቢያው እንዴት እንደተሠራ የሚመሰክረው ገላው ነው፤ ያ ገላ ደግሞ ዱቄት ሆኖ ወለል ላይ ቀርቷል። በጥንቱ አሠራር የነጠረ ብረት በውስጡ የቀሩ የዝቃጭ (ብረቱ ከአፈሩ ሲነጥር የሚቀር ቆሻሻ) ክሮች ስላሉት፣ ዝገት በበላው ቦታ ላይ በርዝመቱ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ከስለቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጠቆር ያለ መስመር ከተገኘ፣ አረብ ብረቱ ከለስላሳው ብረት ጋር በእሳት የተበየደበት ቦታ እሱ ሊሆን ይችላል። በዴንማርክ ማመን በተባለ ስፍራ፣ የግድግዳው እንጨት እ.ኤ.አ. በ970 እና በ971 መካከል በነበሩት የአውሮፓ የብርድ ወራት በተቆረጠ መቃብር ውስጥ የተገኘው መጥረቢያ በሁለቱም ፊቱ በብር ክር የተዋበ ነው፤ ብሩ የተቀመጠው በብረቱ ላይ በተቆፈሩ ጠባብ ቦዮች ውስጥ ስለሆነ፣ ግራይንደር ቢነካው ኖሮ ጌጡ በቅጽበት ይጠፋ ነበር። ስለዚህ አፈሩን በለስላሳ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር ያራግፉ፤ ከዚያ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ ቢበዛ ስስ ሰም ይቀቡት። ሎሚና ኮምጣጤ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም ይበላሉ። ቅቤም አቧራ ይሰበስባል፤ ሲበላሽም ብረቱን ይጎዳል። በደሴ ጭጋግ እርጥብ ግድግዳ ላይ መስቀልም እንዲሁ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የጦር መጥረቢያ ወፍራምና ከባድ መሆን አለበት ብሎ ማሰብ ነው። ወፍራሙ የእንጨት መፍለጫ ነው፤ ግንድ ለመሰንጠቅ ሽብልቅ ቅርጽ ያስፈልገዋልና። ለውጊያ የተሠራው ግን በፍጥነት ተሰንዝሮ በፍጥነት መመለስ ስላለበት ሰፊና ስስ ነው። በሰሜን አውሮፓ ተዋጊዎች እጅ የነበረው ረጅም ዛቢያ ያለው የዴን መጥረቢያ፣ ከስለቱ ጀርባ ያለው ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከአምስት ኪሎ ብረት «የጥንት የጦር መጥረቢያ» የሚሠሩ ሰዎች የሚያስመስሉት ጥንቱን ሳይሆን ፊልሙን ነው።

የጥንቱ ብረት እንደ ነሐስ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሰ የሚመስላቸውም ብዙዎች ናቸው። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ በከሰልና በወናፍ የሚሠራው የሸክላ ምድጃ ግን በአብዛኛው ከ1,200 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የሚወጣው ፈሳሽ ሳይሆን፣ እንደ እንጀራ ዐይን የበዛበትና ዝቃጭ የሞላው ጓል ነው፤ ይህን ጓል እያጋሉ፣ እየቀጠቀጡ፣ እያጠፉም ዝቃጩን ያስወጡታል። ፈሳሽ ብረት ቀድመው በስፋት ያፈሰሱት ቻይናውያን ናቸው። ነሐስ ግን በ1,000 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ በድንጋይ ወይም በሸክላ ማውጫ ይፈሳል። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይከተላል፦ ነሐሱን አግለው ውኃ ውስጥ በመንከር ሊያጠነክሩት ይሞክራሉ። ነሐስ እንደ አረብ ብረት አይደለም፤ አግለው ቢነክሩት ይበልጥ ይለሰልሳል እንጂ አይጠነክርም። የነሐስ ስለት የሚጠነክረው ከቀዘቀዘ በኋላ በመዶሻ በመቀጥቀጥ ነው።

በብረቱ መጥረቢያ ላይ ደግሞ ጀማሪዎች የብረቱን ክፍል በሙሉ አግለው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። አረብ ብረት ውድ ስለነበር የጥንት ሠሪ በስለቱ ላይ ብቻ ይበይደው ነበር፤ የሚጠነክረውም ያው ስለት ነው። የዛቢያ ቀዳዳው ለስላሳ ሆኖ ካልቀረ በምት ይሰነጠቃል።

በወሎ የሚገኘውን እያንዳንዱን አሮጌ መጥረቢያ «ከመቅደላ የተረፈ የጦር መሣሪያ» ማለትም ሌላው ስህተት ነው። እንግሊዞች ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባውን ከያዙ በኋላ ብዙ ቅርስ መዘረፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የደጋው ተዋጊ ዋና መሣሪያ ጦር፣ ጎራዴ፣ ሾተልና ጋሻ፣ ኋላም ጠመንጃ ነበር። መጥረቢያውን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ፤ በመዶሻ ተመትቶ ጠርዙ ወደ ውጭ የተገለበጠ ከሆነ እንጨት ሲፈለጥበት የኖረ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንሰውም። በተቃራኒው የኮንጎ ሶንግዬ ሕዝብ መጥረቢያ፣ በቀጫጭን የብረት ዘንጎች የተሸመነና ዛቢያው በመዳብ ቅጠል የተሸፈነ፣ በአብዛኛው የማዕረግ ምልክት ነበር።

ሽማግሌ አንጥረኞችን ሳይጠይቁ ከቪዲዮ ብቻ መማር የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። እነዚህን ሰዎች «ቡዳ» እያልን ስናሸማቅቅ ኖረናል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። የጋለውን ብረት ቀለም በዐይናቸው አይተው መቼ መነከር እንዳለበት የሚያውቁ ጥቂት እጆች ዛሬም አሉ፤ ሄዳችሁ ከምድጃቸው ጎን ቁሙ።

የመጨረሻው የዛቢያው ነገር ነው። በብዙ የአፍሪካ አካባቢዎች ስለቱ ቀዳዳ የለውም፤ ሹል ጅራቱ በዛቢያው ወፍራም ራስ ውስጥ ያልፋል፤ እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነም በተመታ ቁጥር ይጠብቃል። በድሪል ቀጥ ያለ ቀዳዳ ከበሱለት ግን ይላላል፤ ጅራቱን አግለው እንጨቱን እያቃጠለ ቀዳዳውን በራሱ ልክ እንዲያወጣ ማድረግ ይሻላል። ወይራ ሲጠቀሙም በክረምት ቆርጠው ወዲያው አይግጠሙት፤ እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ ይሸበሸብና ብረቱ ከዛቢያው ይወልቃል።