የኤስኪውኤል ሰርቨር የኮር ላይሰንስ ስንት እንደሚያስፈልግ እንዴት ይሰላል?

ሰንጋ ተራ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ የሚሠራ ጓደኛዬ ባለፈው ለዳታቤዝ ላይሰንስ ፕሮፎርማ ሊሰበስብ ሲል ወረቀቱን አሳየኝ። «32 ኮር» ይላል። ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው፣ ላይሰንሱም የሚከፈለው በእሱ ቁጥር ነው። ሰርቨሩን ከፍተን ስናየው ያለው 16 ነው። ለካ ታስክ ማኔጀር ላይ «ሎጂካል ፕሮሰሰር» የሚለውን ቁጥር ነው የገለበጠው። ግዥ ክፍል ደግሞ የተጻፈለትን ነው የሚገዛው፣ ኮር ምን እንደሆነ ማን ይጠይቀዋል?

ስለዚህ ፕሮፎርማ ከመጠየቃችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የማወራው ስለ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ነው።

መጀመሪያ፣ ዳታቤዙ የተጫነው ፊዚካል ሰርቨር ላይ በቀጥታ ነው ወይስ ቨርቹዋል ማሽን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ውስጥ? ይህን ሳትለዩ ወደ ቆጠራ አትግቡ።

በቀጥታ ከሆነ ታስክ ማኔጀር ክፈቱና ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ። የምትፈልጉት «ሶኬት» (የፕሮሰሰሩ ብዛት) እና «ኮር» የሚሉትን ቁጥሮች ብቻ ነው። ሃይፐርትሬዲንግ፣ አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሠራው ዘዴ፣ ኮሩን እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ሎጂካሉን እርሱት። ሰርቨሩ ላይ ያሉት ኮሮች በሙሉ ይቆጠራሉ፣ ዳታቤዙ ግማሹን ብቻ ቢጠቀምም። አንድ ፕሮሰሰር ደግሞ 2 ኮር ብቻ ቢኖረው እንኳ 4 ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ላይሰንሱ የሚሸጠው ባለ 2 ኮር ጥቅል ሆኖ ነው። የጓደኛዬ ሰርቨር 2 ፕሮሰሰር አለው፣ እያንዳንዱ 8 ኮር፤ በድምሩ 16 ኮር፣ ማለትም 8 ጥቅል። እሱ ግን 16 ጥቅል ሊያዝ ነበር!

ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ የምትቆጥሩት ለማሽኑ የተሰጠውን ቨርቹዋል ኮር ነው፣ እዚህም ትንሹ 4 ነው። 2 ሰጥታችሁት ከሆነ ለ4 ትከፍላላችሁ፣ 6 ከሆነ ለ6። ግን 2022 ቨርዥን ላይ አንድ ነገር ተጨምሯል፦ ቨርቹዋል ማሽንን ለብቻው ላይሰንስ ለማድረግ ሶፍትዌር አሹራንስ ወይም ሰብስክሪፕሽን ግድ ነው። ስሙ ኢንሹራንስ ይመስላል እንጂ የሚሰጠው አዲስ ቨርዥንና ተጨማሪ የአጠቃቀም መብት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ርካሹን ፕሮፎርማ ይመርጣል።

አሁን ወደ ብሩ፣ ይቅርታ፣ ወደ ዶላሩ። ማይክሮሶፍት ለ2022 ባወጣው ዋጋ ባለ 2 ኮር ጥቅል ስታንዳርድ የተባለው ኤዲሽን 3,945 ዶላር፣ ከፍ ያለው ኢንተርፕራይዝ 15,123 ዶላር ነው። ለ8 ጥቅል ስታንዳርዱ 31,560፣ ኢንተርፕራይዙ 120,984 ይመጣል። ስታንዳርድ ከ24 ኮር በላይ አይጠቀምም፣ ስለዚህ 32 ኮር ያለው ሰርቨር ላይ በቀጥታ ከጫናችሁት ለማትጠቀሙበት 8 ኮር ጭምር ትከፍላላችሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን ሰዉንም ቁጠሩ። ስታንዳርድ በኮር ብቻ ሳይሆን በሰርቨርና በካልም (ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በሚገዛ ፈቃድ) ይሸጣል፦ ሰርቨሩ 989 ዶላር፣ እያንዳንዱ ካል 230። መሥሪያ ቤታችሁ ሲስተሙን የሚጠቀሙ 60 ሰዎች ካሉት 14,789 ዶላር ነው፣ ከኮሩ ዋጋ ከግማሽ በታች! በዚህ ሰርቨር ላይ እስከ 132 ሰው ድረስ ካል ይረክሳል። በፈረቃ አንድ ኮምፒውተር የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ ካሉን በሰው ሳይሆን በኮምፒውተሩ መግዛት ይቻላል። «ሁሉም የሚገባው በአንድ አፕሊኬሽን ነው፣ ስለዚህ አንድ ካል ይበቃል» የሚላችሁን ግን አትስሙት፣ የሚቆጠረው ከአፕሊኬሽኑ ጀርባ ያለው ሰው ነው። ደንበኞቻችሁ ከውጭ በኢንተርኔት የሚገቡ ከሆነና ቁጥራቸውን የማታውቁ ከሆነ ወደ ኮር ተመለሱ፣ ሌላ መላ የለውም።

ለሙከራና ለማበልጸጊያ ብቻ የሚሠራው ሰርቨር እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፣ ዴቨሎፐር ኤዲሽን ነፃ ነው። ሪፖርት ሳይወጣበት ዋናው ሲወድቅ ብቻ የሚነሳው ተጠባባቂ ሰርቨርም፣ አሹራንስ ካላችሁ፣ ሌላ ላይሰንስ አይጠየቅበትም።

የፕሮፎርማ ጥያቄው ላይ ኤዲሽኑን፣ ቨርዥኑን፣ የጥቅሉን ብዛትና አሹራንስ ይኑረው አይኑረው ጻፉ። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ጠይቁ፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላሩ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ፊርማ ከክፍል ክፍል ሲዞር ከርሞ ስትመለሱ ብሩ ሌላ ቁጥር ሆኖ ይጠብቃችኋል።