የእሳት እራትንና የውሃ ተርብን እንዴት እንደምናይ፦ ሌሊት አንሶላ ሥር፣ ቀን ኩሬ ዳር

የእሳት እራት የሌሊት፣ የውሃ ተርብ የቀን ፍጥረት ብትሆንም ሁለቱንም የሚያዛቸው ሙቀት ነው። የክንፋቸው ጡንቻ ካልሞቀ አይበሩም። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት አየሩን ማየት ይቀድማል።

የእሳት እራትን የምናየው በመብራት ወደ ነጭ አንሶላ ስበን ነው። ለዚህ ወበቅ ያለው፣ ነፋስ የሌለው፣ ጨረቃዋ ያልወጣችበት ወይም በደመና የተሸፈነችበትን ሌሊት ምረጡ። ነጎድጓድ ሊመጣ ሲል ያለው የታፈነ ምሽት ከሁሉም ይበልጣል። ጨረቃ ሞልታ ሰማዩ ጥርት ሲል ግን የመብራቱ ጉልበት ይዳከማል፤ አንሶላው ባዶውን ሊያመሽ ይችላል።

2 ሜትር በ2 ሜትር ገደማ የሆነ ነጭ የጥጥ አንሶላ በሁለት ዛፎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ስቀሉ። ከታች 50 ሳንቲሜትር ያህሉን መሬት ላይ አንጥፉና ጠርዙን ድንጋይ ጫኑበት። ልል ከሆነ በትንሽ ነፋስ እየተራገበ ያረፉትን ያራግፋል። መሬት ላይ የተነጠፈውን ክፍል አደራ እንዳትረግጡት፤ ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚያ ነው።

መብራቱን ከአንሶላው ፊት ለፊት 30 ሳንቲሜትር ያህል አርቃችሁ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አብሩ። ቁም ነገሩ አልትራቫዮሌት ማውጣቱ ነው፤ 365 ናኖሜትር የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ይሠራል። ቢጫ ያዘለው የቤት ኤልኢዲ አምፖል አልትራቫዮሌት የለውም ማለት ስለሚቻል ጥቂት ብቻ ይስባል። አምፖሉን ትኩር ብላችሁ አትዩ፤ አልትራቫዮሌት የሚከላከል መነጽር አድርጉ። የሜርኩሪ አምፖል ከሆነ ደግሞ ሲግል የዝናብ ጠብታ ስለሚሰነጥቀው መጠለያ ያስፈልገዋል።

«የእሳት እራት» የሚለው ስም እሳት ውስጥ ገብተው የሚያልቁትን አይቶ የወጣ ነው። ለምን እንደሚገቡ ግን በ2024 የታተመ ጥናት በፈጣን ካሜራ ቀርጾ አሳይቷል፦ ነፍሳቱ ሲበሩ ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። ብርሃኑ ሰማይ ሲሆን ይህ ልማድ ሚዛናቸውን ይጠብቅላቸዋል፤ አምፖል ሲሆን ግን ዙሪያውን ያሽከረክራቸዋል። መብራታችን ያስታቸዋል ማለት ነው። ከሁለትና ሦስት ሰዓት በላይ አታብሩት፤ በየሌሊቱም አንድ ቦታ ላይ አትስቀሉ። ወፎች ቶሎ ይለምዱትና ንጋት ላይ አንሶላውን ይለቅሙታል። ስትጨርሱ መብራቱን አጥፍታችሁ የቀሩትን ቀስ ብላችሁ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ አስቀምጡ። ክንፋቸውን በጣት አትያዙ፤ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፋቸው ቅርፊት ነው፣ ተመልሶ አይበቅልም።

ትልልቆቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ። አርፋ የነበረችው በድንገት ክንፎቿን ማርገብገብ፣ መላ አካሏም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጡንቻዋን እያሞቀች ነው፤ ትንሽ ቆይታ ትነሣለች። ፎቶ ማንሣት ከዚያ በፊት ነው፦ አንድ ከላይ፣ አንድ ከጎን፣ አጠገቧ ማስመሪያ አድርጋችሁ።

ወደ መብራት እምብዛም የማይመጡትን በጣፋጭ ሳቡ። 500 ግራም ቡናማ ስኳር በ500 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ በዝግተኛ እሳት እስኪወፍር አማስሉ፤ ሲቀዘቅዝ ጀንበር ስትጠልቅ የዛፍ ግንድ ላይ በዓይን ትክክል ቀቡት። ከቀጠነ ፈስሶ ያልቃል። ሲጨልም በቀይ ብርሃን ባትሪ እየዞራችሁ እዩ፤ ነጩ ያስበረግጋቸዋል።

የውሃ ተርብ ጊዜዋ ፀሐይ የበረታችበት፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ከ4 እስከ 9 ሰዓት ነው። ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት የሚያጠራ 8 እጥፍ የሚያጎላ ባይኖኩላር ይበቃል፤ የሩቁን ብቻ የሚያሳይ እዚህ አይጠቅምም። ዓይኖቿ ዙሪያዋን ስለሚያዩ አትከተሏት። ብዙዎቹ ወደ ተነሡበት እንጨት ስለሚመለሱ፣ ጥላችሁ እንዳያርፍበት ሆናችሁ አጠገቡ ዝቅ ብላችሁ ጠብቁ። ሙቀቱ ሲበረታ አንዳንዷ ጅራቷን ወደ ፀሐይ ቀስራ ትቆማለች፤ ጨረሩ የሚያርፍበትን ገላ እየቀነሰች ነው። ስታርፍ ክንፏን ዘርግታ ከተቀመጠች በአብዛኛው የውሃ ተርብ ናት፤ ክንፏን ጀርባዋ ላይ ከገጠመችና ዓይኖቿ ከተራራቁ በአብዛኛው ቀጭኗ ዘመዷ ናት።

ውሃው ላይ የምታዩአቸው አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹን ራቅ ያለው ሣር ውስጥ ፈልጉ። ማለዳ ደግሞ የሸምበቆውን ግንድ ከውሃው ወለል ጀምራችሁ ፈትሹ፤ እጭ ሆና ውሃ ውስጥ ካደገች በኋላ ጥላው የወጣችው፣ ጀርባው የተሰነጠቀ ደረቅ ቆዳ ተጣብቆ ይገኛል። ዝርያዋ እዚያው ውሃ ውስጥ ማደጓን ከምትበረው ይልቅ የሚያረጋግጠው ይህ ነው፤ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ በክብሪት ቀፎ አስቀምጡት። አጠገቡ ክንፏ ገና ያልደረቀ ካለች ግን ሸምበቆውን አትንኩት፤ ክንፏ ያኔ ከታጠፈ እንደታጠፈ ይቀራል።