የነብርን ዱካ ከጅብ ዱካ ለይቶ ለማወቅ

ነብር ከደቡብ አፍሪካ እስከ ሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ በጫካ፣ በተራራና በበረሃ ዳርቻ የሚኖር እንስሳ ነው። ይሁን እንጂ በሚኖርበት ሁሉ ከሰው ዓይን ስለሚሰወር፣ እንደ ባሌው ሐረና ባለ ደን ውስጥ ስለ እርሱ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ትቶት የሄደውን ምልክት ማንበብ መልመድ አለበት።

ፍለጋው ፀሐይ ከፍ ሳትል ይጀመር፤ ብርሃን በአግድም ሲያርፍ በዱካው ጠርዝ ላይ ጥላ ስለሚፈጠር በቀትር የማይታየው ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ነብር ቁጥቋጦ ከመጣስ በተጠረገ መንገድ መሄድ ስለሚመርጥ፣ ዝናብ ያራሰው የእግር መንገድና የወንዝ ዳር ጭቃ ቀድመው መታየት አለባቸው።

ዱካ ሲገኝ በመጀመሪያ የሚፈለገው የጥፍር ምልክት ነው። ጅብና ውሻ ጥፍራቸውን መሰብሰብ ስለማይችሉ ከጣቶቻቸው ፊት የጥፍር ጫፍ ይታያል፤ ነብር ግን ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሸሽግ ዱካው ክብና ንጹሕ ነው። ይህ ብቻውን አያስተማምንም፤ ደረቅ መሬት የጅብን ጥፍር ሊደብቅ፣ የሚያዳልጥ ጭቃም ነብሩን ጥፍሩን እንዲያወጣ ሊያስገድደው ይችላል። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ከጣቶቹ በስተኋላ ያለውን ትልቁን የመዳፍ ክፍል መመርመር ይገባል። የነብር ከሆነ የኋላ ጠርዙ በሦስት ጉብታ ተከፍሎ ይታያል፤ በእኔ እምነት ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ይህ ነው። አቦ ሸማኔም ሦስቱ ጉብታዎች አሉት፣ ጥፍሩ ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይሰበሰብ መሬት ላይ ይታተማል፤ የአንበሳ ዱካ ደግሞ በመጠኑ እጅግ ይበልጣል። ከዱካው አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጦ ከላይ ቀጥ ብሎ ፎቶ ማንሣት ኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

ኩስም ይመሰክራል። ጅብ አጥንት ስለሚፈጭ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል፤ በነብር ኩስ ውስጥ ግን የሚዳቋ ወይም የዝንጀሮ ፀጉር ተጋምዶ ይገኛል።

እንቅስቃሴ ሲኖር በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ያለው ሰው ሁለት ካሜራ በመንገዱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይትከል፤ የነብር ዝንጉርጉርነት ከአንዱ ወደ ሌላው ከመለያየቱም በላይ የአንዱ ነብር ግራና ቀኝ ጎን አይመሳሰሉም። ገሰላ የምንለው ጥቁሩም ሌላ ዝርያ ሳይሆን ያው ነብር ነው፤ የሌሊት ካሜራ በዓይን በማይታይ ብርሃን ሲያነሣው ከጥቁሩ ፀጉር ሥር ዝንጉርጉሩ ይወጣል።