ሐረጎን ወርዶ የደፈረሰ ጠርሙስ፦ በማይክሮኢሙልሽን ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር በየዓመቱ የማየው ነው፤ ተማሪው ውኃ፣ ዘይትና ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ውኃንና ዘይትን የሚያስታርቅ ነገር) ጠርሙስ ውስጥ ይጨምርና ክንዱ እስኪዝል ይወዘውዛል። ቅቤ እየናጠ አይደለም እኮ! ማይክሮኢሙልሽን፣ ማለትም ጥርት ያለውና የማይለያየው የውኃና የዘይት ውህድ፣ መጠኑና ሙቀቱ ከተስማማው በራሱ ይሠራል። ካልተስማማው የሚወጣው ነጭ ኢሙልሽን፣ ማለትም ተራ የዘይትና የውኃ ድፍርስ፣ ነው፤ እሱም ውሎ አድሮ ይለያያል።

የባሰው ስህተት ሁሉንም ነገር በገጽ ውጥረት (ውኃና ዘይት የሚገናኙበትን ገጽ ለማጥበብ በሚጎትተው ኃይል) መቀነስ ብቻ መተርጎም ነው። በዘይቱና በውኃው መካከል የተዘረጋው ስስ የሰርፋክታንት ሽፋን ወዴት መጉበጥ ይወዳል? ለመጉበጥስ ምን ያህል ይለመጣል? የፊዚክስ ሊቁ ሄልፍሪክ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ቀመር ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጣል። ተማሪዎቼ ግን ይቀላቅሏቸዋል። ሳይከደን ያደረ እንጀራ ጠርዙ ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል፤ የራሱ ጉብጠት ይህ ነው። ትኩስ እንጀራ እንደፈለጉ ሲጠቀለል ቂጣ እምቢ ማለቱ ደግሞ የግትርነት ጉዳይ ነው።

ሽፋኑ ግትር ከሆነ ጠፍጣፋ ሆኖ ይደራረብና ወፍራም፣ እንደ ዝልግልግ ያለ ነገር ይሰጣችኋል። ቡታኖል ወይም ፔንታኖል የተባለው አልኮል የሚጨመረው በሰርፋክታንቱ ሞለኪውሎች መካከል ገብቶ እንዲያላላው ነው። ግትርነቱ ሞለኪውሎችን ከሚያንቀጠቅጠው የሙቀት ጉልበት ጋር ሲቀራረብ ሽፋኑ ይዋዥቃል፤ የራሱ ጉብጠትም ወደ ዜሮ ከተጠጋ ውኃውና ዘይቱ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳዎች ይጠላለፋሉ። አልኮሉን "ማሟሟያ ነው" ብሎ ዝም ብሎ መገልበጥ ግን ጉብጠቱንም ያናጋል።

ሙቀቱን አለመመዝገብ እኔንም አዋርዶኛል። አንድ ማለዳ ኤቶክሲሌት የሚባል ቻርጅ የሌለው ሰርፋክታንት ያለበት ጥርት ያለ ጠርሙስ ይዘን ከደሴ ሐረጎን ወረድን፤ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ስንደርስ እንደ አጓት ደፍርሷል። አንዱ ተማሪ "ተበላሽቷል" ብሎ ሊደፋው ነበር። እንዲህ ያለው ሰርፋክታንት ሲሞቅ ራሱ የያዘውን ውኃ ይለቃል፣ ሽፋኑም ወደ ውኃው መጉበጥ ይጀምራል። ጠርሙሱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብናቆመው ተመልሶ ጠራ። ቻርጅ ላላቸው ሰርፋክታንቶች የጉብጠቱ ዋና መዘወሪያ ጨው ነው፤ በተጣራ ውኃ የተሠራን ቅንብር ጨው ባለበት የቧንቧ ውኃ መድገምም ከዚሁ ስህተት ይቆጠራል።

ሦስት ንብርብር ሲያዩ "አልተሳካም" የሚሉም አሉ። ኬሚስቱ ዊንሰር እ.ኤ.አ. በ1948 ከለያቸው የእንዲህ ያሉ ቅንብሮች ዓይነቶች ሦስተኛው ይህ ነው፤ መካከለኛው ንብርብር ራሱ ማይክሮኢሙልሽን ነው። ከላይ ያለው ትርፍ ዘይት፣ ከታች ያለው ትርፍ ውኃ ነው። ጠርሙሱን ከመድፋታችሁ በፊት የሦስቱን ቁመት ለኩ፤ አጠገቡ ሙቀቱን ጻፉ።